«ሌት» የምትባለዋ ቃልና የወግዲዋ እናት

እንግሊዝኛ እያስተማርኩ ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ባለፈው ሰኔ የመጨረሻውን የፈተና ወረቀት አርሜ፣ የክፍሌን ቁልፍና ገጻቸው የላላ ሁለት መዝገበ ቃላት አስረክቤ ከመካነ ሰላሙ ትምህርት ቤታችን በጡረታ ወጣሁ። ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። ርዕሰ መምህሩ ድሮ ተማሪዬ የነበረ ነው፤ ብድግ አለና «እትዬ የሺ ለዚህ አገር ልጆች ስንትና ስንት ቃል አስተማሩ!» ብሎ አመሰገነኝ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም እጅ ነሳሁ። በልቤ ግን የማስበው አንዲቱን ቃል ብቻ ነበር።

ቃሏ በእንግሊዝኛ እጅግ ተራ ናት። «ሌት» ትባላለች። ተማሪ ሲያረፍድ፣ መኪና ሲዘገይ፣ እንግዳ ሲያመሽ የሚነገረው በእሷ ነው። ሌላም ትርጉም አላት። ያን ሌላውን የተማርኩት በሰው ቤት ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ስለዚያ ቤት ስል ነው።

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የመጀመሪያ ምድቤ ኩታበር ነበር፤ ከእናቴ ቤት ሩቅ ባለመሆኑ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ርዕሰ መምህራችን ማርፈድን ከስርቆት የማይለይ ሰው ነበር። አዲስ በመሆኔ ጠዋት ጠዋት የግቢውን በር የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ደወል ከተደወለ በኋላ በገባ ተማሪ ስም ትይዩ «ሌት» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሦስት ጊዜ የተጻፈበት ወላጅ ያመጣል። ይህን ሥራ አምስት ዓመት ሠራሁ። በሕይወቴ ከስሜ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የጻፍኩት ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መዝገቡን አሻግሮ አየና ተከራከረኝ።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ሌት አይደለም የመጣሁት። ጎህ ሲቀድ ነው ከቤት የወጣሁ። ለምን ሌት ተብሎ ይጻፍብኛል?»

ልጁ ሌሊት የተባለ መስሎት ነበር። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ክፍል ስገባ ቃሏን በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩና «ሌት ማለት አረፈደ፣ ዘገየ ማለት ነው፤ አለቀ!» ብዬ ክፍሉን በሙሉ አስጮህኩ። ልጆቹም «አለቀ!» እያሉ ተከተሉኝ።

በስድስተኛው ዓመት ወደ ወግዲ ተዛወርኩ። ከደሴ መካነ ሰላም፣ ከመካነ ሰላም ደግሞ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ወግዲ ስደርስ ፊቴ በአቧራ ተሸፍኖ ዓይኔ ብቻ ነበር የሚታየው። በዚያ ጊዜ ወግዲ ለመምህር የቅጣት ቦታ ትመስል ነበር። መኪና በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይመጣል፤ ደመወዛችንም እንደ መኪናው ነው። ለእኔ ግን ወግዲ ጋሽ ደምሰውን ያገኘሁባት ቦታ ናት።

ጋሽ ደምሰው የደጎሎ ሰው ናቸው፤ ከእኔ በፊት ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ። ረጅም፣ ዝግ ያሉ፣ ቃል ሲጠየቁ ቶሎ የማይመልሱ። ተማሪዎች በኋላቸው «ጋሽ ቆዩ» ይሏቸው ነበር፤ ለማንኛውም ጥያቄ የመጀመሪያ መልሳቸው «ቆዩ፣ እስቲ እንየው» ስለሆነ። ቀጥለው ደግሞ ይጠይቃሉ፦ «ማን ነው ለማን ያለው?» ልጁ ቃሉን ብቻ በወረቀት ቁራጭ ጽፎ ከመጣ ይመልሱታል። «ሂድ፣ ከነጎረቤቱ አምጣው» ይሉታል። ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት ማለታቸው ነው።

የጠመኔ ካርቶን አይጥሉም። በመቀስ በመዳፍ ልክ ይቆርጡታል፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፋሉ። ከሥሩ የሚያሰፍሩት ፍቺውን ብቻ አልነበረም። ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገርና ያገኙበትንም ቦታ ይጽፋሉ፦ «ከሬዲዮ»፣ «ከመድኃኒት ማሸጊያ»፣ «ከመንገድ ሥራ ኢንጂነሩ አፍ»። ካርዶቹን በፊደል ተራ በዱቄት ወተት ጣሳ ያስቀምጣሉ። ካርድ ከመንካታቸው በፊት የእጃቸውን ጠመኔ ይታጠባሉ። የካርዱን ጀርባ ደግሞ ባዶ ይተዉታል።

«ጀርባው ለምንድን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለማላውቀው» አሉኝ። «ዛሬ ያወቅሁት ይኸው ከፊቱ አለ። ነገ የሚመጣው ቦታ ይፈልጋል።»

ደስ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው ብዬ አለፍኩት። እኔ ከኮሌጅ የወጣሁ፣ ቶሎ የምመልስ፣ ተማሪም የሚወደኝ መምህርት ነበርኩ። በቃል ጣሳ ውስጥ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

በዚያ ዘመን ከወግዲ ልጃገረዶች ወደ ዓረብ አገር መሄድ ጀምረው ነበር። ወረቀት ይመጣል፤ ግማሹ በዓረብኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ። የዓረብኛውን ለሸሆቹ ይወስዱታል፤ የእንግሊዝኛው ወደ እኛ ይመጣል። የትምህርት ቤቱ መምህራን የየቤተሰቡን ምስጢር የምናውቅ ሆንን።

ወይዘሮ መዲና ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው ሞተው በሁለት ሴት ልጆች የቀሩ ገበሬ ናቸው፤ በሬ አስጠምደው፣ ራሳቸው አርመው፣ ራሳቸው አጭደው የሚኖሩ። ትልቋ ልጃቸው ሉባባ ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። ትንሿ ጠይባ ገና አራተኛ ክፍል ናት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ መዲና ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከደሴ የመጣ የመኪና ረዳት አንድ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ አድርሶላቸዋል። ረዳቱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ አድርስ ተብሎ ነው። በሻንጣው እጀታ ላይ የታሰረችውን ወረቀት ፈትተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተዋል።

«እስቲ መምህርት፣ ልጄ ምን ትላለች?»

ወረቀቷ አጭር ናት። ሁለት መስመርና ከሥር የስልክ ቁጥር። «ዘ ሌት ሚስ ሉባባ» ይላል፤ የእሷ ዕቃዎች ለቤተሰቧ ይላኩ፤ ዝርዝሩ በደብዳቤ ይከተላል። ቆሜ አነበብኩት። ቦርሳዬን እንኳ ከትከሻዬ አላወረድኩም። የኩታበሩ መዝገብ ዓይኔ ውስጥ ነበር፤ ሌት ማለት ዘገየች ነው። ሻንጣዋ ቀድሟል፣ እሷ ትከተላለች። ሁሉ ነገር ገጠመልኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። «ሉባባ ልትመጣ ነው። ትንሽ ትዘገያለች እንጂ ዕቃዋ ቀድሟታል።»

እትዬ መዲና ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አልሃምዱሊላህ! ከመቅረት መዘግየት ይሻላል!» አሉና ትከሻዬን ሳሙ። «አላህ ያክብርሽ። አላህ የልጅ እናት ያርግሽ። ምላስሽ አይታጠፍ።»

በማግስቱ ቤታቸውን በነጭ አፈር መለቅለቅ ጀመሩ። ሻንጣውን ጎረቤት ቢጎተጉታቸውም አልከፈቱትም። «ባለቤቷ መጥታ ትክፈተው» አሉ። በግ ለይተው አሰሩ። መኪና በሚመጣበት ቀን ሁሉ ጠይባን አስከትለው፣ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው መናኸሪያው አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ። መኪናው ሲቆም ይነሣሉ፤ የሚወርደውን አንድ በአንድ ያያሉ፤ የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ጠይባን «ዛሬም ትንሽ ዘግይታለች» ይሏታል።

የምሄድበት መንገድ በዚያ ነበር። ባዩኝ ቁጥር ከተቀመጡበት ተነሥተው ይመርቁኛል። «የምሥራች ነጋሪዬ» ይሉኛል። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። ምርቃቱን እየተቀበልኩ አለፍኩ።

በሃያኛው ቀን አሥረኛ ክፍል ገብቼ የንባብ ትምህርት እያስተማርኩ ነበር። ምንባቡ ስለ አንድ ወጣት ገበሬ ነው። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ ወጣቱ «የሌት አባቱን» መሬት ወርሶ ማረስ እንደጀመረ ይናገራል። ሳልጠራጠር «የዘገየው አባቱን» ብዬ ተረጎምኩት። ከወደ ኋላ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አባትየው የዘገየ ብቻ ከሆነ ልጁ እንዴት ወረሰው?»

ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ቀረሁ። ክፍሉ መልስ ይጠብቃል። መልሱ መጥቶልኝ ነበር፤ ልቀበለው ግን አልፈለግሁም። «ቆዩ» አልኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ ቆዩ አልኩ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ጋሽ ደምሰው በመምህራን ክፍል ብቻቸውን ደብተር ያርሙ ነበር። ከፊታቸው ቆሜ «ጋሼ፣ ሌት ማለት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ቆይ፣ እስቲ እንየው። ማን ነው ለማን ያለው?»

ለእትዬ መዲና የተጻፈ ነው አልኳቸው። በቃሌ ነገርኳቸው፤ ሁለቱንም መስመር። ጋሽ ደምሰው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ጣሳውን አወረዱ፤ ካርዷን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አላነበቡልኝም፤ ሰጡኝ። ከፊቱ አረፈደ፣ ዘገየ፣ አመሸ፤ ለእያንዳንዱም ዓረፍተ ነገር። ከሥር ደግሞ በቀይ ቀለም «ከሰው ስም ወይም ከዘመድ መጠሪያ በፊት ሲመጣ፣ ሟች፣ ነፍሱን ይማርና የሚባለው» የሚል ተጽፏል። ቀለሙ የቆየ ነው። እኔ ወግዲ ከመምጣቴ በፊት የተጻፈ ነው። ካስተማርኩበት ክፍል እስከዚያ ጣሳ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ጋሽ ደምሰው አላባበሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። «በእኛም ቋንቋ ቢሆን» አሉ በዝግታ፣ «አረፈደች እና አረፈች የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ችግሩ ቃሉን አለማወቅሽ አይደለም፣ የሺ። እኔም ያላወቅሁት ብዙ ነው። አለመጠየቅሽ ነው።»

«አሁን ሄጄ ልንገራቸው» አልኩ።

«ቁጭ በይ። አንድ ጊዜ ሉባባን በአንዲት ቃል አድነሻታል፤ ደግሞ በአንዲት ቃል ልትገድያት ነው? መጀመሪያ እናረጋግጥ።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ ዋርካው ሄዱ። እኔ ከአጥሩ ጥግ ሆኜ አይ ነበር። «እትዬ መዲና፣ ወረቀቷን እስቲ እኔም ልያት» አሏቸው። እሳቸውም በደስታ ከቋጠሮ ፈትተው ሰጧቸው። ጋሽ ደምሰው የስልክ ቁጥሩን በአንድ ባዶ ካርድ ላይ ገለበጡ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱና «ዱዓ አድርጉ» ብቻ አሉ። አልዋሹም። በዚያው ቀን በጭነት መኪና ወደ መካነ ሰላም ሄዱ፤ ያኔ ወደ ውጭ የሚደወለው ከዚያ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ተመለሱ። በር ላይ ስጠብቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሉባባ ሕመም ላይ ወድቃ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ከሞተች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ቀብሯ እዚያው ተፈጽሟል። ይከተላል የተባለው ደብዳቤ የደረሰን እንኳ ከወራት በኋላ ነው።

መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው። ሰውየው ሳይበላ ሳይጠጣ፣ ሥራ ሳይጀምር። የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ ኡመር ጎረቤቱን በዝምታ አሰባሰቡ። እኔ እንድመጣ አልፈለጉም። «መምህርት፣ አንቺ ቆይተሽ ነይ። ዛሬ ፊትሽን ማየት ይከብዳታል» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ጋሽ ደምሰው ግን «ትምጣ፤ ትቁም» አሉ። ከሰው ሁሉ ኋላ ቆምኩ።

እትዬ መዲና ውሃ ሊቀዱ እንስራ ይዘው ሲወጡ ግቢያቸው ሞልቶ አገኙት። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እሳቸው ግን አላወቁም፤ ወይም ማወቅ አልፈለጉም። ፈገግ ብለው «ምነው? መኪና ገባ እንዴ?» አሉ።

ሸህ ኡመር ቀረብ አሉ። «መዲና፣ ሁላችንም የአላህ ነን፤ ወደእሱም ተመላሾች ነን። ሉባባን አላህ ወስዷታል።»

«ማንን?» አሉ እትዬ መዲና።

«ሉባባን።»

«አይ ሸህ ኡመር፣ ተሳስታችኋል። ሉባባ እኮ መንገድ ላይ ናት። ወረቀቱን መምህርት አንብባልኛለች።» ዓይናቸው በሰው መሐል ይፈልገኝ ጀመር። «የት አለች? የትምህርት ቤቷ መምህርት? ትዘገያለች ነው እንጂ የሚለው! ንገሪያቸው እስቲ!»

ሰው ተከፍሎ መንገድ ሰጠኝ። ፊታቸው ደረስኩ።

«እትዬ መዲና፣ ወረቀቱ ያለው እሱን አይደለም» አልኩ። «ወረቀቱ ያኔውኑ ሞታለች ይል ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነኝ። በስሕተት ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

እንስራው አልወደቀም። ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «እኔ እኮ ቤት ለቀለቅሁ» አሉ፤ ለእኔም ለማንም አልነበረም። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሻንጣው የተከፈተው በሦስተኛው ቀን ነው ብለው ነገሩኝ። ከልብሶቿ መሐል ለጠይባ የተገዛ ቀይ ጫማ ነበረ። ሉባባ የገዛችው ስትሄድ በምታውቀው እግር ልክ ነው። ለጠይባ አልገባም።

ከዚያ በኋላ እትዬ መዲና አልሰደቡኝም፤ ማንም ዘንድ አልከሰሱኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ምርቃቱ ግን ቀረ። ሰው ሲመርቅህ የማትሰማውን ያህል ምርቃት ሲቀር ይሰማሃል።

ሥራዬን ልተው ማመልከቻ ጻፍኩ። ጋሽ ደምሰው አነበቡትና አጥፈው መለሱልኝ። «ሰዋስዉ ልክ ነው» አሉ። «ግን አንቺ ብትሄጂ በምትክሽ የምትመጣው ከኮሌጅ የወጣች፣ ቶሎ የምትመልስ ልጅ ናት። ያን ለወግዲ ትመኚላታለሽ?» ማመልከቻውን አላስገባሁም። ባዶ ካርድ ቆርጠው ሰጡኝ፤ የራሴን መጻፍ ጀመርኩ።

ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ መካነ ሰላም ተዛወርኩ፤ እስከ ጡረታዬም እዚያው ኖርኩ። እዚህ ደግሞ በተቃራኒው ተፈተንኩ። በወግዲ ከሆነብኝ የተነሣ ለየክፍሉ «ሌት ማለት ሟች ማለትም ነው» እያልኩ አጥብቄ አስተምር ነበር፤ ሳይበዛ አልቀረም። አንድ የገበያ ቀን በሰፈራችን ለቅሶ ሰማሁ። ሁሴን የሚባል ከዓረብ አገር ሊመለስ የሚጠበቅ ልጅ ሞተ ተባለ። ሮጬ ሄድኩ። አንዲት ተማሪዬ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች፤ መልእክቱን በስልክ ያነበበችው እሷ ናት። «ቲቸር፣ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ከስም ጋር ነው የመጣው» አለችኝ።

«ማን ነው ለማን ያለው?» አልኳት። አፌ ራሱ ነው ያለው።

ስልኩን ሰጠችኝ። አብሮት የነበረ ጓደኛው በተሰባበረ እንግሊዝኛ የላከው ነው፤ ያኔ በስልኮቻቸው አማርኛ አይጻፍም ነበር። «ሁሴን ሌት» ይልና ማክሰኞ ይመጣል ይላል። ቃሏ ከስሙ በፊት አይደለችም፤ በኋላ ናት። ደግሞስ ስለ ሞተ ሰው ማክሰኞ ይመጣል የሚል ማን ነው? ቢሆንም በሕይወት አለ አላልኩም። «ቆዩ» አልኩና ወደ ላኪው አስደወልኩ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ስልኩን ያነሣው ራሱ ሁሴን ነበር፤ በረራው ተላልፎበት። እናቱ ድምፁን ሰምተው ስልኩን ሳይሆን እኔን አቅፈው ወደቁ። ያቺን ተማሪ አልተቆጣኋትም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አንዱን ትርጉም እየጮህኩ ሌላውን ሸፈንኩባት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሏን ያለ ዓረፍተ ነገር አስተምሬ አላውቅም። ከስም በፊት፣ ከስም በኋላ፤ በመድኃኒት ወረቀት ላይ፣ በጥሪ ደብዳቤ ላይ «ከዚህ ቀን ሳያልፍ» ሲል፤ በልብስ መሸጫው ታፔላ ላይ «ሌተስት» ሲል ደግሞ የዘገየ ሳይሆን አዲስ ማለቱ እንደሆነ። አንዲት ቃል አንድ ሳምንት ትፈጅብኛለች። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ዕቅዱን አልጨረስሽም ብለው ይጽፉብኛል። ይጻፉ።

ወግዲ በወጣሁ በስምንተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ መዲና ናቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል። ከጎናቸው አንዲት ረጅም ወጣት ቆማለች፤ ጠይባ ናት። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ግቡ አልኩ። አልተቀመጡም።

«ይቺም ልትሄድ ነው» አሉኝ። «ለመንኩ፣ አለቀስኩ፤ እንቢ አለች። እርሻው እንደድሮው አይደለም። እንግዲህ ካልቀረች አስተምሪያት። የወረቀቱን ቋንቋ አስተምሪያት። ወረቀቷን ሌላ ሰው አያንብብላት።»

ጠይባ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ለአምስት ወር ከሰዓት ከሰዓት ወደ እኔ መጣች። ጎበዝ ነበረች፤ ተጠራጣሪ ነበረች፤ እኔን ራሴን ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። ስትሄድ ካርዶቿን በላስቲክ አስራ በእጅ ቦርሳዋ ይዛለች። እዚያ ከደረሰች በኋላ እንድትፈርም የቀረበላትን ወረቀት አንብባ፣ ያልተስማማችበትን አንቀጽ በጣቷ አሳይታ አልፈርምም እንዳለች ጽፋልኛለች። አምስት ዓመት ሠርታ በእግሯ ተመለሰች። ዛሬ ወግዲ ላይ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ጋሽ ደምሰው ይህን ሳያዩ አለፉ፤ ደጎሎ ነው የተቀበሩት።

አሁን ዘመኑ ተቀይሯል። በጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንድ ልጅ ስልኩን ወረቀት ላይ ሲደግን ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲለወጥ አሳየኝ። የዚያችን የሻንጣ ወረቀት ሁለት መስመር በቃሌ ጽፌ ሰጠሁት። ስልኩ ወዲያው «የሟች ወይዘሪት ሉባባ» አለ። ለአገሬ ሰው ደስ አለኝ። ልጁን ሸኝቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

በዚያው ወር ጡረታዬን ሰምተው እትዬ መዲናና ጠይባ ከወግዲ መጡ። ማር ይዘውልኛል። በአሁኑ አመጣጣቸው ግን ተቀመጡ፤ ምሳም አብረን በላን። ጠይባ ገበያ ትንሽ ጉዳይ አለኝ ብላ ስትወጣ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ብዙ ዓመት በልቤ የነበረውን ያን ጊዜ ደፈርኩት።

«እትዬ መዲና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«ያኔ ጠይባን ይዘው ሲመጡ፣ በዚህ ከተማ ብዙ የእንግሊዝኛ መምህራን ነበሩ። ከእኔ የበለጠ የተማሩም፣ ከእኔ የተሻሉም። እኔ ያን ያደረስኩብዎ ሰው ነኝ። እንዴት አምነው ሰጡኝ?»

እትዬ መዲና ነጠላቸውን አስተካከሉ። አልቸኮሉም። ፊታቸው ላይ ቁጣም ይቅርታም አላየሁም፤ ለረጅም ጊዜ ታስቦበት ያለቀ ነገር የሚናገር ሰው ፊት ነበር።

«ልጄ፣ ሌሎቹ ገና አልተሳሳቱማ» አሉኝ። «ሲሳሳቱ በማን ልጅ እንደሚሆን በምን አውቃለሁ? አንቺ ግን በእኔዋ ተሳስተሽ ጨርሰሻል።»